የመልስ ቀሚስ

ሰገነት ያጠበችውን ልብስ አስጥታ ወደ ቤት ስትመለስ፣ አማቷ ወይዘሮ ብርነሽ ሣጥኑን ከፍተው፣ ቢጫውን የመልስ ቀሚሷን አልጋው ላይ ዘርግተው፣ ካውያ ሰክተው ደረሰች። አሮጊቷ ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው የካውያውን ሙቀት ሞከሩ። ከዚያ እርጥብ ነጠላ ጨርቁ ላይ ጣል አደረጉና ከወገቡ ጀምረው፣ የሕፃን ገላ እንደሚዳብስ ሰው ቀስ እያሉ ይተኩሱት ጀመር።

«ለቲያትሩ ይህን ነው የምትለብሺው» አሉ ቀና ሳይሉ።

ሰገነት በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። ያ ቀሚስ ከሣጥን ከወጣ ሦስት ክረምት አልፎታል።

ደማቅ ቢጫ ሳቲን ነው። ከፍፁም ጋር ሲጋቡ ለመልሳቸው ዕለት ልብስ ሰፊው ሽማግሌ አው ሙክታር የሰፉላት ነው። አው ሙክታር መኪና ግርግር ይሰፋሉ፤ በሐረር ጀጎል ውስጥ ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን በየበራቸው ላይ ደርድረው ቀኑን ሙሉ በሚያንጣጡበት ጠባብ መንገድ። ያኔ ለፍፁምም ሙሉ ልብስ ሲሰፉ የኮቱ ገበር አጠራቸውና ከእሷ ቀሚስ የተረፈውን ቢጫ ጨርቅ አስገቡበት። ኮቱ ከውጭ ሲያዩት ጥቁር ሰማያዊ፣ ቁም ነገረኛ ኮት ነው። ሲከፈት ግን ውስጡ ቦግ ይላል። ፍፁም የመልሱ ዕለት ደረቱን እየከፈተ፣ «ሚስቴን በውስጤ ይዣታለሁ» እያለ እንግዳውን ሁሉ ሲያስቅ ዋለ።

ፍፁም የሠራዊት ሹፌር ነበር። ወደ ግንባር ከሄደ በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ ደወለ፤ ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ሞተ ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም። ሰገነት ጠዋት ተነስታ ቁም ሣጥኑን ስትከፍት የምትለብሰው ይጠፋት ጀመር። ጥቁር ብትለብስ በባሏ ላይ ማሟረት ነው። ደማቅ ብትለብስ ባሏ የት እንደወደቀ ሳታውቅ መዋብ ያማራት ሴት መባል ነው። ዞራ ዞራ ግራጫና ጥቁር ሰማያዊ ላይ ረጋች፤ ለሐዘንም ለደስታም የማይሆን ልብስ። የምታስተምራቸው የሦስተኛ ክፍል ልጆች በሌለችበት «ግራጫዋ ቲቸር» እንደሚሏት ታውቃለች።

በዚህ ነገር ከወይዘሮ ብርነሽ የበለጠ ጠባቂ አልነበራትም። አንድ ፋሲካ አበባ ያለበት ሻሽ ብታስር ሳምንቱን ሙሉ አላናገሯትም።

የቲያትሩን ነገር ያመጣችው አብራት የምታስተምረው ሊዲያ ናት። የሐረር ወጣቶች ያዘጋጁት አስቂኝ ቲያትር ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በባህል አዳራሽ ይታያል፣ ትኬትሽን ገዝቻለሁ ብላ ያዘቻት። ሰገነት የምለብሰው የለኝም አለቻት። ይህ ለሠርግም ለክርስትናም የምትሰጠው መልስ ስለነበር፣ ማታ ራት ላይ ለአማቷ ያወራችውም እንዳለቀ ነገር አድርጋ ነው። ወይዘሮ ብርነሽ ጉርሻቸውን በእጃቸው እንደያዙ «ሂጂ» አሏት።

«ግራጫውን እለብሳለሁ እማማ» አለች አሁን። «ቲያትር እንጂ ሠርግ አይደለም።»

«ግራጫው ታጥቦ ተሰጥቷል።»

«ያሰጣሁት እኔ ነኝ፤ ገመዱ ላይ የለም።»

«እንግዲያ ይፈለጋል» አሉ ወይዘሮ ብርነሽ፤ ካውያውን ይዘው ወደ እጅጌው ዞሩ።

ሰገነት ጫማዋን ልታወጣ ቁም ሣጥኑን ከፈተች። የፍፁም ሙሉ ልብስ እንደ ወትሮው በላስቲክ ሽፋኑ ውስጥ ጥግ ላይ ተሰቅሏል። ወይዘሮ ብርነሽ በየጊዜው ፀሐይ ላይ እያወጡ አራግፈው የሚመልሱት እሳቸው ናቸው፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አይወዱም። ሰገነት ጫማውን ስትስብ ትከሻዋ ሽፋኑን ነካው። ሽፋኑ ተወዛወዘ። የሱፍ ኮትና ሱሪ እንደያዘ ነገር ሳይሆን፣ መስኮት ላይ እንደተንጠለጠለ ስስ መጋረጃ፣ ንፋስ ሳይኖር ወዲያ ወዲህ አለ።

«እሱን ተዪው» አሉ አሮጊቷ ከኋላዋ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር።

ቀሚሱን ስትለብሰው ወገቡ ሰፋት። ወይዘሮ ብርነሽ ዙሪያዋን እየዞሩ መርፌ ቁልፍ ሊሰኩ ሞከሩ፤ አንዱ ጎኗን ወጋት። በመጨረሻ ተዉትና ወደ አው ሙክታር ሂጂ፣ ወገቡን ያጠቡልሻል አሏት። ከዚያ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ያስተያየታቸው ነገር ሰገነትን አልጣማት። ሰው እንዲህ የሚያየው ሩቅ አገር የሚሄድ ዘመድ አውቶቡስ ላይ ሲሸኝ ነው።

«ዛሬ ሳቂ» አሏት። «እባክሽ ልጄ፣ ዛሬን ሳቂልኝ።»

በር ላይ ጎረቤታቸው ወይንሸት ድስት ታጥባለች። አንደበተ ብዙ ሴት ናት፤ ሰገነት በወጣች በገባች ቁጥር የማታስቆምበት ቀን የለም። ዛሬ ቢጫውን ቀሚስ ስታይ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። ሰገነት እንዴት አደርሽ አለቻት። ወይንሸት ራሷን ብቻ ነቅነቅ አደረገችና ድስቱን ውኃው ውስጥ ትታ ወደ ቤቷ ገባች። የበሯ መቀርቀሪያ ከውስጥ ሲያዝ ተሰማ።

ከመታጠፊያው በታች የእድሩ ሰብሳቢ የአቶ ለገሠ ደጅ ላይ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች ከጋሪ እየወረዱ ነበር። የድንኳን ብረትም ተከምሯል። ሰገነት ቆም ብላ ማን ሞተ ብላ ጠየቀች። ወንበር የያዙት ሰዎች ወደ አቶ ለገሠ አዩ። አቶ ለገሠ ዕቃው እየታየ ነው፣ የተሰበረ ካለ ልናስጠግን ነው አሏት። ይህን ሲሉ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሰገነት በአጠገባቸው እስክታልፍ፣ ካለፈችም በኋላ ዞር ስትል፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ እንደያዙ መንገዱ መሐል ቆመው ነበር።

ቀሚሱ ነው ብላ አሰበች። ሰው ሁሉ ታዘበኝ። ተመልሼ ግራጫውን ልፈልግ ብላ አንድ እርምጃ ተመለሰች፤ ግን የአሮጊቷ «ሳቂልኝ» ጆሮዋ ላይ ስለነበር መንገዷን ቀጠለች።

ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ መኪና ግርግር የሚያወርደው መንገድ እንደ ሁልጊዜው ሞልቷል። ጫት ተሸክመው ከሶፊ ገጠር የመጡ ሴቶች፣ ጨርቅ የሚመርጡ ገዢዎች፣ ከሁለቱም ወገን የስፌት መኪና ድምፅ። ሰገነት ከላይ ጀምራ መሐል መሐሉን ትሄዳለች። የመጀመሪያው ሰፊ ቀና ብሎ አያትና እግሩን ከመርገጫው ላይ አነሳ። መኪናው ዝም አለ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም ዝም አለ። ከማዶ ያሉት ሁለት ደግሞ አንድ ላይ አቆሙ። መጀመሪያ ልብ አላለችውም። ኋላ ላይ ግን ጫማዋ ድንጋዩን ሲመታ የራሷ እርምጃ ሲሰማት ቆመች። ፊት ለፊቷ ያሉት መኪኖች በሙሉ ዝም ብለው ይጠብቋታል። ከኋላዋ፣ ያለፈቻቸው፣ አንድ በአንድ እንደገና መንጣጣት ጀምረዋል። ዝምታው ከእሷ ጋር የሚሄድ፣ ከቀሚሷ ጫፍ ላይ የታሰረ ነገር መሰላት። እርምጃዋን ፈጠን አደረገች።

አው ሙክታር ሲያዩዋት ጉልበታቸው ላይ የነበረውን ጨርቅ ጠቅልለው ጠረጴዛው ሥር ጣሉና በእግራቸው ገፋ አደረጉት። ጥቁር ጨርቅ ነው። ከጥቅሉ ጎን የግራጫ ልብስ እጅጌ ወጥቶ ይታያል። ለሰገነት የራሷ የጠፋው ቀሚስ መሰላት፤ ወዲያው ደግሞ በዓለም ላይ ስንት ግራጫ እጅጌ አለ ብላ ተወችው።

ሽማግሌው ወገቡን እንዲያጠቡላት ስትነግራቸው ሜትር ከአንገታቸው ላይ አላወረዱም። ጀርባዋን እንድትሰጣቸው ብቻ ጠየቋትና በጠመኔ ግራና ቀኝ ምልክት አደረጉ። ከመጋረጃ ኋላ አውልቃ ሰጥታቸው ሰፍተው ሲመልሱላት ልክክ አለ።

«ሳይለኩኝ እንዴት አወቁት?» አለቻቸው።

አው ሙክታር ክሩን በጠሱ። «ከስተሻል» አሉ። «ዓይኔ ለመደሽ።»

ሒሳብ ልትከፍል ቦርሳዋን ስትከፍት እጇን ያዙ። በአደሬው ልማድ እንዲህ ያለ ሽማግሌ የሰውን ሚስት እጅ አይዝም፤ እሳቸውም ወዲያው ለቀቁት። «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመርፌው ሳያነሱ። ሰብር ትዕግሥት እንደሆነ ታውቃለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ባሏን መጠበቋን የሚያውቅ ሰው ቢለው አያስገርምም። ነገር ግን ይህን ቃል ከዚህ በፊት የሰማችው ለቅሶ ቤት ነው።

ሊዲያ ፈረስ መጋላ ታክሲዎቹ ዘንድ ትጠብቃታለች። ጂንስ ሱሪና ጥቁር ጃኬት ለብሳ፣ ከንፈሯን ቀይ ተቀብታለች። ሰገነትን ስታይ እውነተኛ ደስታ ፊቷ ላይ ፈሰሰ፤ በዚያ ቀን እንደዚህ ፊት ለፊት ያየቻት የመጀመሪያዋ ሰው ናት። ሊዲያ የምትኖረው ከግንቡ ውጭ፣ አራተኛ በሚባለው ሠፈር ነው፤ የጀጎልን ወሬ አትሰማም።

«እኔ እኮ ግራጫ ለብሰሽ የምትመጪ መስሎኝ ላፍርብሽ ተዘጋጅቼ ነበር» አለቻት።

«አልበዛም?»

«ቲያትር ቤት ነው፤ ሰው ለመታየትም ነው የሚሄደው። እናቴ ድሮ ለቲያትር ስትሄድ ፀጉሯን ከዋዜማው ጀምራ ነበር የምትሠራው።»

በባጃጅ ሄዱ። አዳራሹ በር ላይ የሐበሻ ቀሚስ የለበሱ እናቶች፣ ከረባት ያሰሩ የቢሮ ሰዎች፣ ስኒከር ያደረጉ ተማሪዎች ተቀላቅለዋል። ማንም ቢጫውን ቀሚስ ጉዳዬ አላለውም። ሰገነት ትከሻዋ ሲለቃት ተሰማት። ከመሐል ረድፍ ቁጭ አሉ፣ መብራት ጠፋ፣ መጋረጃው ተከፈተ።

የቲያትሩ ነገር እንዲህ ነው። አንድ ሥራ ፈት ወጣት የሀብታም ልጅ ወድዶ ሽማግሌ ሊልክ ይፈልጋል፤ ሽማግሌ ግን የለውም፤ ከሠፈሩ ጫት ቃሚዎች መርጦ ሽማግሌ አስመስሎ ያለማምዳቸዋል። ሰዉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ፈነዳ። ሰገነትም ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ቀጥሎ በጥርሷ፣ ኋላ ሆዷን ይዛ። ሊዲያ በጎን እያየቻት በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። ሰገነት ዕንባዋን እየጠረገች፣ ማታ ለእማማ ይህን ሁሉ አወራላቸዋለሁ ብላ አሰበች።

በሁለተኛው ክፍል መድረኩ ጨልሞ፣ አንድ መብራት ብቻ መሐል ላይ በራ። ወጣቱ ለሽምግልናው ዕለት ሙሉ ልብስ ለብሶ ጀርባውን ለሰዉ ሰጥቶ ቆሟል። መስታወት እያየ ነው ለማለት ነው። ገና ምንም አላለም። ሰዉ ግን ከወዲሁ መሳቅ ጀምሯል።

ሰገነት ጀርባውን አየች።

የግራው ትከሻ ትንሽ ዝቅ ያለ ነበር። ፍፁም በግራ ክርኑ የመኪና መስኮት ላይ ተደግፎ መንዳት ስለለመደ ትከሻው ወደዚያ ይወርዳል፤ አው ሙክታር ኮቱን ሲሰፉ ለዚያ ብለው በልኩ አወረዱት። መድረኩ ላይ የቆመው ልጅ ትከሻው ትክክል ነው፣ ኮቱ ግን ዝቅ ብሏል። ኮቱ በራሱ የፍፁምን አቋቋም ቆሟል። እየሳቀ የነበረው ሰው ሁሉ ከሩቅ፣ ከውኃ በታች እንደሚሰማ ሆነባት። ልጁ ሲዞር ፊቱ የማን እንደሚሆን ለማየት ፈራች፤ ዓይኗን መጨፈን ፈለገች፣ አልቻለችም።

ልጁ ዞረ። ቀጭን፣ ጢሙ ገና ያልሞላ፣ የማታውቀው ልጅ ነው።

«ይህን ልብስ ያየ አባት ልጁን ይከለክለኛል?» አለ፣ ለሰዉ። «ከውጭ ብቻ እንዳይመስላችሁ።» ኮቱንም በሁለት እጁ ግራና ቀኝ ከፈተው።

መብራቱ ቢጫው ሳቲን ላይ አረፈ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሊዲያ የሰገነትን ክንድ ጨብጣ እየሳቀች፣ «እዪው፣ እዪው፣ ካንቺ ቀሚስ ጋር አንድ ነው!» አለቻት። ፊት ረድፍ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ዞረው አይተዋት እነሱም ሳቁ። ሰገነት ወደ ጉልበቷ አየች። በጨለማው ውስጥ የእሷ ቀሚስና የመድረኩ ገበር ብቻ ያበሩ ነበር፤ በመሐላቸው ያለው ሁሉ ጥቁር ነው።

ያ ልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ መሆን ነበረበት። ጠዋት የተወዛወዘው ሽፋን ትዝ አላት። እማማ ካልሰጡት በቀር ያንን ልብስ ከዚያ ቤት ማንም አያወጣውም። እማማ ደግሞ የልጃቸውን ልብስ የሚሰጡበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ ይመለሳል ተብሎ የሚጠበቅ ሰው ልብስ ለሌላ አይሰጥም። ይህን እየሳቀ ባለ ሰው መሐል ተቀምጣ፣ ቀስ ብላ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ተማሪ ደረሰችበት።

ቲያትሩ እስኪያልቅ አልተነሳችም። ሲያልቅ ለሊዲያ መንገድ ላይ እንዳትጠብቃት፣ ትንሽ የምታናግረው ሰው እንዳለ ነግራት ወደ መድረኩ ኋላ ሄደች። ተዋንያኑ በጠባብ ክፍል ውስጥ እየተጯጯሁ ልብስ ይቀይራሉ። ባለ ኮቱ ልጅ ብቻውን በር ላይ ውኃ ይጠጣል። ኒቆዲሞስ እንደሚባል ነገራት፤ ቲያትሩ እንዴት እንደነበር ጠየቃት። ጥሩ ነበር አለችው። ከዚያ ልብሱ ከየት እንደመጣ ጠየቀችው።

ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። «ሰው ሰጥቶኝ ነው» አለ። «አልሰረቅኩም።»

«አውቃለሁ። ማን ሰጠህ?»

«አንዲት እናት። መድኃኔዓለም በር ላይ። እኔ ቤተ ክርስቲያኑን ነው የማገለግለው፤ ስጠርግ መጡና በፌስታል ሰጡኝ። የልጄ ነው፣ ግንባር ነው ያረፈው፣ ልበሰውና ነፍሱን ይማር በልልኝ አሉኝ።» ትንሽ አፈረ። «ለቲያትር መልበሴ ጥሩ አይደለም መሰለኝ። ሌላ ሙሉ ልብስ የለኝም።»

«ስሙን ነገሩህ?»

«የክርስትና ስሙን። ወልደ አማኑኤል።»

ፍፁምን ወልደ አማኑኤል ብለው የሚያውቁት የነፍስ አባቱ፣ እናቱና ሚስቱ ብቻ ናቸው። ሰገነት የበሩን መቃን ያዘች። ቀለሙ እርጥብ ይመስል እጇ ላይ ተጣበቀባት።

«ያውቋቸዋል እንዴ?» አለ ልጁ። «ከፈለጉት አወልቀዋለሁ።» አንዱን እጅጌ ማውለቅ ጀምሮ ነበር።

«አታውልቀው። ይሆንሃል» አለችው። ከዚያ፣ «አንድ ጊዜ ዙርልኝ» አለችው።

ኒቆዲሞስ ግራ ገብቶት ዞረ። ሰገነት ጀርባውን፣ ዝቅ ያለውን ግራ ትከሻ፣ እስክትጠግብ ሳይሆን እስክትችል ድረስ አየችው። ሲዞር በሩ ላይ አልነበረችም።

በእግሯ ተመለሰች። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ወርዳ የሸዋ በርን ግንብ አቅልታዋለች። ጠዋት ያስፈራት ነገር ሁሉ አሁን መልክ ነበረው፣ ግን አልቀለለም። ሰፊዎቹ መኪናቸውን ያቆሙት ለለቀስተኛ መንገድ እንደሚለቀቀው ነው፤ ለቀስተኛዋ ራሷ ናት። አው ሙክታር ጠረጴዛ ሥር ያለው ጥቁር ጨርቅ የእሷ ከል ነው፣ በግራጫው ቀሚሷ ልክ የተቆረጠ። ወንበሮቹ ለእሷ ደጅ ናቸው። ከተማው በሙሉ ሐዘኗን ተሸክሞላት፣ እሷ ብቻ ለመልሷ ዕለት የተሰፋላትን ለብሳ መሐሉን ስትሄድ ውላለች። የሞተችው እሷ ሆና ሌላው ሁሉ የሚያውቅ፣ እሷ ብቻ ያላወቀች መሰላት። አንዲት ሴት በአጠገቧ ስታልፍ ቀሚሷን አየችና ፈገግ አለች። ሰገነት ፈገግታውን መለሰችላት።

ወይዘሮ ብርነሽ ከበሩ አጠገብ አጭር ዱካ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ። ምሽቱን ቤት ውስጥ እንግዳ የሚጠበቅ ይመስል ብዙ ሽንኩርት ነው። ሲያዩዋት ቢላውን አስቀመጡ።

«እንዴት ነበር? ሳቅሽ?»

«ሳቅሁ» አለች ሰገነት። «ዓይኔ እስኪያለቅስ ነው የሳቅሁት። ሰዉም ሳቀ።»

«ተመስገን» አሉ አሮጊቷ፤ ፊታቸው በእውነት ፈካ። ሰገነት ያንን ፊት አየችና ቀኑን ሙሉ ያልመጣባት ነገር ያኔ ገባት። እሷ ያወቀችው አሁን ነው። እኚህ ሴት ግን ልጃቸው መሞቱን አውቀው፣ ከእሷ ጋር አንድ ገበታ ላይ በልተው፣ ቀሚሷን ተኩሰው ቆይተዋል። ድምፅ አውጥተው አላለቀሱም። ቢያለቅሱ ትሰማ ነበር።

አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። «የመድኃኔዓለሙ ልጅ ወልደ አማኑኤልን አልረሳውም እማማ» አለቻቸው። «ስሙን በደንብ ይዞታል።»

ወይዘሮ ብርነሽ እጃቸው ሽንኩርቱ ላይ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ሰው እንዳይሰማ ዓይነት፣ ነገሯት። ከቀበሌ ሰዎች መጥተው ነገሯቸው፤ የእድሩ ሽማግሌዎች እናትና አባትሽ ከጭሮ እስኪደርሱ ይቆይ አሉ፤ ዛሬ ማታ ይገባሉ፤ ነገ ማለዳ መርዶው ይነገራል ተብሎ ተቆርጧል። ቲያትሩን ስታወራላቸው ደግሞ አንድ ሐሳብ መጣባቸው።

«ከነገ በኋላ ቢጫ አትለብሺም» አሉ። «ግራጫውን ያለበስኩሽ እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ ብዬ ነው። በደልኩሽ?»

ሰገነት በደሉን ከምሕረቱ የምትለይበት ጊዜ አልነበራትም። «አይ» አለች። «እርስዎ ግን አላለቀሱም።»

«ነገ ከሰው ጋር አለቅሳለሁ። አሁን ጎረቤት ከሰማ ሽማግሌዎቹ ይቀየማሉ፤ እናትሽም ሳይደርሱ…» አፋቸውን በእጃቸው ጀርባ ያዙ።

ሰገነት ተነሳች። በዚያ ግቢ ሳይመሽ በር መዝጋት ነውር ነው፤ በሩን ዘጋችና መቀርቀሪያውን ያዘች። መስኮቱንም ዘጋች። ሬዲዮኑን ከፍታ፣ የሚያወራው ሰው ምን እንደሚል ሳትሰማ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችው። ተመልሳ ምንጣፉ ላይ፣ ከአሮጊቷ ዱካ ዝቅ ብላ ተቀመጠችና የሽንኩርቱን ሳህን ከጭናቸው ላይ አነሳች።

የራሷ ለቅሶ ሊያመልጣት ደርሶ ነበር። ያዘችው። ሁለቱንም እጆቻቸውን ያዘችና ጠበቀች፤ መጀመር የነበረባቸው እሳቸው ናቸው።